ምትሐት፦ የእጅ ጥበብና የዐይን ስሕተት

አንድ ሰው በፊታችሁ ቆሞ ባዶ እጁን አሳያችሁ እንበል። ቀጥሎም ከጓደኛችሁ ጆሮ ሥር አንድ ሳንቲም መዝዞ አወጣ። ሳንቲሙን በአንድ እጁ ጨብጦ እፍ ሲልበት ሳንቲሙ ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶም በእናንተው ደብተር ሥር ተገኘ። በዚህ ጊዜ ከመካከላችሁ አንዱ ይሥቃል፤ ሌላው «እስቲ እንደገና አሳየን» ይላል፤ ሦስተኛው ግን ፊቱን አጥቁሮ «ይህ ሰው መንፈስ አለበት» እያለ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ሦስቱም ያዩት አንድ ነገር ነው፤ የተለያየው ላዩት ነገር የሰጡት ፍርድ ነው።

የዚህ ምንባብ ዓላማ ፍርዱን በሚገባ ለመስጠት የሚረዳችሁን ዕውቀት ማቅረብ ነው። ምትሐት ምን እንደ ሆነ፣ ዐይናችን ስለ ምን እንደሚሳሳት፣ አንድ ቀላል ሥራ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዕቃዎቹ እንዴት እንደሚሰበሰቡ፣ ጥበቡም ወደ ማጭበርበር የሚለወጠው የት ላይ እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ትመለከታላችሁ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የቃሉ ፍች

ስለ አንድ ነገር ማብራሪያ የሚጽፍ ሰው በመጀመሪያ ቃላቱን ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል። በቋንቋችን አስማት፣ ጥንቆላና ምትሐት የሚባሉት ቃላት ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። «አስማት» ከግእዝ የመጣ ቃል ሲሆን «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው። ኅቡእ ስሞችን በመጥራት ወይም በመጻፍ መንፈስን ማዘዝ ይቻላል ከሚለው እምነት ጋር የተያያዘ ነው። «ጥንቆላ» የተሰወረውን ወይም ወደ ፊት የሚሆነውን ዐውቃለሁ ማለት ነው። «ምትሐት» ግን በእውነት ሳይኖር ለዐይን ያለ መስሎ የሚታይ ነገር ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ አስማተኛውና ጠንቋዩ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል አለኝ ይላሉ፤ ምትሐተኛው ግን፣ ሐቀኛ ከሆነ፣ ኃይሉ በጣቶቹና በልምምዱ ላይ እንጂ በሌላ በምንም ላይ እንዳልሆነ ያምናል።

ምትሐት በሁለት ዐይነት መንገድ ይቀርባል። አንደኛው በትልቅ መድረክ ላይ፣ በመብራት፣ በመጋረጃና በሣጥን ረዳትነት፣ በብዙ ሕዝብ ፊት የሚታየው ነው። ሁለተኛው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጡ ጥቂት ሰዎች፣ እጅ በሚደርስበት ርቀት ላይ፣ በሳንቲም፣ በካርታ፣ በክር፣ በመሐረብ ወይም በኩባያ የሚሠራው ነው። ይህን ሁለተኛውን የቅርብ ምትሐት እንለዋለን። የቅርብ ምትሐት መጋረጃ የለውም፤ ተመልካቹ ዕቃውን በእጁ ይዞ ሊመረምረው ይችላል። ስለዚህ ሠሪው የሚተማመነው በጣቶቹ ልምምድና ስለ ሰው ጠባይ ባለው ዕውቀት ላይ ነው። የምንባባችን ርእስ ይኸኛው ነው።

2. ሦስቱ ኩባያዎች

በቅርብ ምትሐት ታሪክ ውስጥ ዕድሜ ከጠገቡት ሥራዎች አንዱ የሦስት ኩባያዎችና የትንንሽ ኳሶች ጨዋታ ነው። ሠሪው ሦስት ኩባያዎችን አፋቸውን ወደ ታች ደፍቶ ይደረድራል። በእያንዳንዱ ሥር አንዳንድ ኳስ ያኖራል። ኩባያዎቹን ሲያነሣ ሁለቱ ባዶ ሆነው ይገኙና ሦስቱም ኳሶች በአንደኛው ሥር ተሰብስበው ይታያሉ። በመጨረሻም ተመልካቹ ኳስ ይወጣል ብሎ ሲጠብቅ ሎሚ ወይም ብርቱካን ከኩባያው ሥር ብቅ ይላል።

በ65 ዓ.ም. የሞተው ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪሊዩስ በጻፋቸው ደብዳቤዎች በአንዱ ይህን ጨዋታ በምሳሌነት አንሥቶታል። በኩባያዎቹና በጠጠሮቹ ሥራ ደስ የሚለው መታለሉ ራሱ እንደ ሆነና አሠራሩን ካወቀው በኋላ ግን ጣዕሙ እንደሚጠፋበት ይገልጻል። ይህን ሐሳብ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከሴኔካ በኋላ የነበረ አልኪፍሮን የሚባል የግሪክ ጸሐፊ ደግሞ በገበሬዎች፣ በዓሣ አጥማጆችና በሌሎችም ስም የፈጠራ ደብዳቤዎችን ጽፏል። ከእነዚህ በአንደኛው ደብዳቤ ላይ አንድ ገበሬ አህያውን ጭኖ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ በዚያም ቲያትር ቤት ይገባል። አንድ ሰው ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሦስት ትንንሽ ሳሕኖች ደፍቶ፣ ከወንዝ ዳር የሚለቀሙ የሚመስሉ ነጫጭ ጠጠሮችን ከሥራቸው ሲሰውር ያያል። ጠጠሮቹ አንድ ጊዜ በየሳሕኑ ሥር ተከፋፍለው፣ አንድ ጊዜ በአንዱ ሥር ተከማችተው፣ አንድ ጊዜም ከሠሪው አፍ ሲወጡ ይታያሉ። ኋላም ከአጠገቡ ከቆሙት ሰዎች አፍንጫና ጆሮ ያወጣቸዋል። ገበሬው ተገርሞ ሲያበቃ የደረሰበት መደምደሚያ እንዲህ ያለው ሰው ወደ እርሻዬ እንዳይደርስ የሚል ነው፤ ምክንያቱም ይህን የመሰለ እጅ በቤቱ ያለውን ሁሉ ቢሰርቅ ማንም ሊይዘው አይችልምና።

የዚህን ገበሬ ፍርድ በመጀመሪያ ካነሣነው ከሦስተኛው ጓደኛችሁ ፍርድ ጋር አስተያዩት። ገበሬው ፊደል የቆጠረ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም ፍርሃቱ ከሌባ እጅ እንጂ ከመንፈስ አይደለም። ያየው ነገር የእጅ ሥራ መሆኑን ተረድቷል።

ይህ ጨዋታ በአንድ አገር ብቻ የቀረ አይደለም። በሕንድ አገር የመንገድ ምትሐተኞች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ በጣቶች መካከል የሚያዝ እንቡጥ መሳይ ጉብታ በአናታቸው ላይ ባለባቸው ኩባያዎች ይጫወታሉ። በግብፅ፣ በስዊዝ ቦይ በኩል ለሚያልፉ የመርከብ መንገደኞች ይጫወቱ የነበሩት ሠሪዎች «ገሊ ገሊ» እያሉ ከኩባያ ሥር ሕይወት ያላቸውን ጫጩቶች ያወጡ ስለ ነበር ስማቸውም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር።

የሥራው መሠረታዊ ምሥጢር ዛሬ ለጀማሪዎች በሚዘጋጁ መጻሕፍት ሁሉ ስለሚገኝ እዚህ ብንገልጸው ማንንም አይጐዳም። ተመልካቹ የሚቆጥረው ሦስት ኳስ ነው፤ በሠሪው እጅ ውስጥ ግን አንድ ትርፍ ኳስ ተደብቋል። በዚህም ምክንያት ሠሪው ሁልጊዜ ከተመልካቹ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ተመልካቹ «አሁን ሊሠራ ነው» ብሎ ዐይኑን ሲያፈጥ ሥራው ቀደም ብሎ አልቋል። ምሥጢሩ ይህን ያህል አጭር ነው፤ በሰው ፊት ሳይታወቅ መሥራቱ ግን የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል።

3. ዐይን ስለ ምን ይሳሳታል?

«በዐይኔ በብረቱ አየሁት» ስንል ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም ማለታችን ነው። ነገር ግን ዐይናችን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ትኩር ብለን የተመለከትነውን ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን የሚሞላው አእምሯችን ሲሆን፣ የሚሞላውም በለመደውና በሚጠብቀው ነገር ነው። ምትሐተኛው የሚሠራው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

የተመልካቹን ትኩረት ወደ ፈለገበት ለመምራት ሠሪው በተለይ ሦስት መንገዶችን ይጠቀማል። አንደኛው ዐይኑ ነው፤ ሰው ሌላው ሰው ወደሚያይበት ማየት ይወዳል። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው፤ ትልቅ እንቅስቃሴ ትንሹን ይሸፍነዋል። ሦስተኛው ቃል ነው፤ ጥያቄ የተጠየቀ ሰው መልስ ለመስጠት ከእጅ ላይ ዐይኑን አንሥቶ ወደ ጠያቂው ፊት ይመለከታል።

ሊቃውንትም ይህን ነገር ለምርምር ተጠቅመውበታል። በኋላ በልጆች የአእምሮ መለኪያ ፈተና የታወቀው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ በ1894 ዓ.ም. ስለ ምትሐት የጻፈውን ጥናት ያዘጋጀው ምትሐተኞችን ወደ መመርመሪያ ክፍሉ ጋብዞ፣ የእጃቸውንም እንቅስቃሴ በተከታታይ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ጉስታቭ ኩንና ማይክል ላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች የሚከተለውን ሙከራ አሳትመዋል። አንድ ሰው ኳስ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልባል። በሦስተኛው ጊዜ ኳሱን በመዳፉ ደብቆ የመወርወር እንቅስቃሴ ብቻ ያደርጋል፤ ዐይኖቹ ግን ኳሱን የሚከተሉ መስለው ወደ ላይ ይመለከታሉ። ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ ኳሱ ሲወጣና በአየር ላይ ሲጠፋ አየን ብለው መሰከሩ። ሠሪው እጁን እየተመለከተ ይህንኑ ባደረገ ጊዜ ግን የተታለሉት በቁጥር አነሱ። የሚገርመው የተመልካቾቹ የዐይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ሲመዘገብ፣ ኳሱን አየንበት ወዳሉት ቦታ ዐይናቸው እንዳልሄደ መታወቁ ነው። ስለዚህ የተታለለው ዐይናቸው ሳይሆን ሐሳባቸው ነበር።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ሰው ሳይዋሽ፣ ያላየውን ነገር «አየሁ» ብሎ ሊመሰክር ይችላል። በመታለሉም ሞኝ አይባልም፤ የአእምሮ ጠባይ ነውና።

4. አንድ ሳንቲም እንዴት ይጠፋል?

አሁን እስቲ አንድ የአንድ ብር ሳንቲም አምጡና ከመስተዋት ፊት ቁሙ። የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቀስ ብላችሁ ተከተሉ።

በመጀመሪያ ሳንቲሙን በግራ እጃችሁ አውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች ጫፍ፣ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አንሡት። የእጃችሁ መዳፍ ወደ ላይ፣ የጣቶቻችሁ ጀርባ ወደ ተመልካቹ ይሁን። ቀጥሎ ቀኝ እጃችሁን ሳንቲሙን ለመውሰድ አቅርቡ፤ የቀኝ አውራ ጣታችሁ ከሳንቲሙ ሥር ይግባ፣ አራቱ ጣቶች ደግሞ ከፊት በኩል ይጋርዱት። ሳንቲሙ በቀኝ ጣቶቻችሁ በተጋረደበት ቅጽበት የግራ አውራ ጣታችሁን ፈታ አድርጉ፤ ሳንቲሙ በግራ እጃችሁ ጣቶች ሥር ይወድቃል። ቀኝ እጃችሁ ግን ሳንቲሙን እንደ ጨበጠ ሆኖ ይዘጋና ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይሂድ። ዐይናችሁም ቀኝ እጃችሁን ይከተል። ግራ እጃችሁ ሳይቸኩል በለሆሳስ ወደ ጐን ይውረድ። ከዚያም ቀኝ እጃችሁ ላይ እፍ በሉና ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ ዘርጉ፤ ሳንቲሙ የለም። ግራ እጃችሁ ወደ ጓደኛችሁ ጆሮ ሲዘረጋ ሳንቲሙ ከዚያ ይወጣል።

ይህን ስትለማመዱ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መማር ነው። በመጀመሪያ ሳንቲሙን በእውነት ከግራ ወደ ቀኝ ዐሥር ጊዜ ውሰዱትና ትከሻችሁ፣ ዐይናችሁና የእጃችሁ ፍጥነት ምን እንደሚመስል በመስተዋት አስተውሉ። ከዚያ በኋላ የማስመሰሉ እንቅስቃሴ በሁሉ ነገር ያንን እስኪመስል ድረስ ደጋግሙ። ጀማሪዎች ባዶውን እጅ እንደ ድንጋይ አጥብቀው በመጨበጥ ራሳቸውን ያጋልጣሉ፤ ሳንቲም የያዘ እጅ ግን እንዲያ አይጠብቅም።

ምትሐተኞች የሚጠብቋቸው ሦስት ደንቦችም አሉ። አንደኛ፣ ምን ልታሳዩ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ አትናገሩ፤ የሚሆነውን የሚያውቅ ተመልካች የት እንደሚያይ ያውቃል። ሁለተኛ፣ አንዱን ሥራ ለአንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አታሳዩ። ሦስተኛ፣ ምሥጢሩን በከንቱ አትግለጡ። በ1905 ዓ.ም. በለንደን የተመሠረተው የምትሐተኞች ማኅበር መፈክርም ምሥጢር መጠበቅን የሚመለከት ነው። የሦስተኛው ደንብ ምክንያት ሴኔካ ከተናገረው ጋር አንድ ነው፤ አሠራሩ ሲታወቅ ጣዕሙ ይጠፋልና።

5. ዕቃዎቹና ሰብሳቢዎቹ

በቅርብ ምትሐት የሚማረክ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቃ ሰብሳቢም ይሆናል። የሚሰበሰበው ነገር ብዙ ዐይነት ነው፤ ከመዳብ፣ ከቆርቆሮና ከእንጨት የተሠሩ ኩባያዎች፣ የካርታ ደስታዎች፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲገባ ተደርገው የተሠሩ ሳንቲሞች፣ የሐር መሐረቦች፣ የስፖንጅ ኳሶች፣ የድሮ ማስታወቂያዎችና መጻሕፍት ናቸው። ከእነዚህ መካከል ኦኪቶ በሚል የመድረክ ስም የታወቀው ሆላንዳዊው ቴዎ ባምበርግ ያስገኘው ክዳን ያላት ክብ የሳንቲም ሣጥን ትጠቀሳለች። በመዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ትንሽ ሣጥን ናት፤ ሳንቲሞች ተከድነውባት ሳለ ተከፍታ ስትታይ ባዶ ትሆናለች። ምሥጢሯን ከላይ ባየነው ሦስተኛ ደንብ መሠረት እዚህ አንጽፈውም።

ዕቃን በሚመለከት ትልቅ ለውጥ ያመጣው ፈረንሳዊው ዣን ኡዤን ሮበር ኡዳን ነው። በ1805 ዓ.ም. ብሉዋ በምትባለው ከተማ የተወለደው ይህ ሰው ሙያው ሰዓት ሠሪነት ነበር። በትዝታ መጽሐፉ እንደ ነገረን፣ ስለ ሰዓት አሠራር የሚናገር መጽሐፍ ለመግዛት ሄዶ ሳለ መጽሐፍ ሻጩ ተሳስቶ ስለ ምትሐት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሰጠው፤ ስሕተቱም የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠው። በ1845 ዓ.ም. በፓሪስ የራሱን ቲያትር ሲከፍት፣ ሌሎች የሚለብሱትን እንግዳ ካባ ትቶ የዘመኑን የክብር ልብስ ለበሰ፤ እስከ መሬት በሚደርስ ጨርቅ የተሸፈኑትን ጠረጴዛዎችም በቀላል ጠረጴዛዎች ተካ። ምትሐተኛ የሚባለው የምትሐተኛን ድርሻ የሚጫወት ተዋናይ መሆኑን የጻፈውም እርሱ ነው። ከእርሱ ወዲህ ሰብሳቢዎች የሚያከብሩት ሐሳብ፣ መልካም ዕቃ ማለት የምትሐት ዕቃ የማይመስል ዕቃ ነው የሚለው ነው።

በቡዳፔስት በ1874 ዓ.ም. የተወለደውና በአሜሪካ ያደገው ሃሪ ሁዲኒ የመድረክ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሰው ነው። ሁዲኒ ከሰንሰለትና ከእስር በማምለጥ ቢታወቅም ትጉህ የመጻሕፍት ሰብሳቢም ነበር። በ1926 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ስለ ምትሐት፣ ስለ ጥንቆላና ስለ መናፍስት የሰበሰባቸው ወደ 4,000 የሚጠጉ መጻሕፍት በ1927 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። ታዲያ ይህን ያህል ያነበበው ሰው በ1922 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ዳይ ቨርነን የሚባል ወጣት አንድ ካርታ ከደስታው መካከል እየገባ ተመልሶ ከላይ ሲገኝ ደጋግሞ ቢያሳየው ምሥጢሩን ሊደርስበት አልቻለም። ዕቃና መጽሐፍ መሰብሰብ ዕውቀት ያበዛል፤ ሰውን ከመታለል ፈጽሞ አያድነውም።

እናንተም በትንሽ ገንዘብ መሰብሰብ ትችላላችሁ። ሦስት አንድ ዐይነት የቆርቆሮ ኩባያዎች፣ ጥቂት ሳንቲሞች፣ አንድ ሜትር ክር፣ የጠርሙስ ቡሽና አንድ ደስታ ካርታ ለጀማሪ ይበቃሉ። ከዕቃዎቹ ጋር አንድ ደብተር አኑሩ፤ የሥራውን ስም፣ ከማን እንደ ተማራችሁት፣ ምን ዕቃ እንደሚያስፈልገው፣ ለማን እንዳሳያችሁትና ተመልካቹ ምን እንዳለ በየቀኑ መዝግቡ። ያየነውን ለይቶ የመጻፍ ልማድ ለድርሰትም ሆነ ለምስክርነት ይጠቅማል።

6. ጥበብና ማጭበርበር

ሄሮኒሙስ ቦሽ ወይም የእርሱን ፈለግ የተከተለ ሠዓሊ እንደ ሣለው የሚነገር አንድ ጥንታዊ ሥዕል አለ። አንድ ምትሐተኛ ኩባያና ኳስ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል፤ አንድ ተመልካች አፉን ከፍቶ ወደ ጠረጴዛው ጐንበስ ብሏል። ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ ሰማይ የሚያይ መስሎ የተመልካቹን የገንዘብ ከረጢት ይወስዳል። ሥዕሉ የጥበቡን ሁለት ፊት በአንድ ላይ ያሳያል።

በከተሞቻችን በገበያ ዳርና በአውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ የሚዘረጋው የሦስት ካርታ ቁማርም የዚሁ ልጅ ነው። ሠሪው አንድ ቀይና ሁለት ጥቁር ካርታዎች አሳይቶ ይደፋቸዋል፤ ቀዩን ያገኘ ያሸንፋል። በአንድ እጁ ሁለት ካርታ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ይዞ ሳለ፣ የታችኛውን የሚጥል መስሎ የላይኛውን ይጥላል፤ ተመልካቹም ከዚያች ጊዜ ጀምሮ የሚከተለው የተሳሳተውን ካርታ ነው። በዙሪያው ቆመው ሲያሸንፉ የምታዩዋቸው ሰዎች ግብረ አበሮቹ ናቸው። የትምህርት ቤት ክፍያውን ወይም የቤተሰቡን ገንዘብ ይዞ በዚያ የቆመ ልጅ የሚገጥመው ዕድልን ሳይሆን ለዓመታት የሠለጠነ እጅን ነው። ስለዚህ ሊያሸንፍ አይችልም።

ከገንዘብ የከበደ ጉዳትም አለ። በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በጥንቆላ የተከሰሱ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ድኾች ሴቶች፣ በስቅላት ይቀጡ ነበር። ሬጂናልድ ስኮት የሚባል የኬንት አውራጃ ሰው በ1584 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ክስ ተቃወመ። ሰው ያልገባውን ነገር ሁሉ የሰይጣን ሥራ ነው ማለት እንደማይገባው ለማስረዳት ሲል ምትሐተኞች በኳስ፣ በሳንቲም፣ በካርታና በሐሰተኛ ቢላዋ የሚሠሩትን ገልጦ ጻፈ። በዚህ ሥራ እንጀራቸውን ለሚያገኙ ድኾች ምሥጢራቸውን በማውጣቱ ማዘኑን ሳይሸሽግ ነው። የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ በ1597 ዓ.ም. ስኮትን በስሙ ጠቅሶ የሚነቅፍ መጽሐፍ አወጣ። በእንግሊዝ የጥንቆላን ወንጀል የሚሽር ሕግ የወጣው በ1735 ዓ.ም.፣ ከስኮት መጽሐፍ 151 ዓመት በኋላ ነው። ምሥጢር መጠበቅ የጥበቡ ደንብ ቢሆንም የሰው ነፍስ በሚጠፋበት ጊዜ ግን መግለጥ እንደሚበልጥ ስኮት አስተምሯል።

ጥበቡ ለገዢዎችም መሣሪያ ሆኖ ያውቃል። በ1856 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ሮበር ኡዳንን ወደ አልጀሪያ ላከው። እዚያም ጠንካራ ሰው ሊያነሣው የማይችል ትንሽ ሣጥን አሳየ፤ ሣጥኑን ከታች ይዞት የነበረው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነበር። የእጅ ጥበብ መሆኑን በኋላ በአስተርጓሚዎች እንዳስረዳ በትዝታው ቢጽፍም፣ የጉዞው ዓላማ ሕዝቡ ከራሱ መሪዎች ይልቅ የወራሪውን ኃይል እንዲፈራ ማድረግ ነበር። በአንጻሩ ሁዲኒ በ1920ዎቹ ዓመታት የሙታንን ነፍስ እናነጋግራለን እያሉ ከሐዘንተኞች ገንዘብ የሚወስዱትን ሰዎች ዘዴ በአደባባይ ገለጠ፤ በ1926 ዓ.ም.ም በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለዚሁ መሰከረ። ሁለቱም ሰዎች የያዙት ጥበብ አንድ ነው፤ የዋለበት ዓላማ ግን ተራርቋል።

እንግዲህ አንድ ድንቅ ነገር በፊታችሁ ሲሠራ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ሠሪው የሚያሳየው ጨዋታ መሆኑን ተመልካቹ ያውቃልን? ሠሪው ከሰው በላይ የሆነ ኃይል አለኝ ይላልን? ሥራው ሲያበቃ ተመልካቹ የሚሄደው ደስ ብሎት ነው ወይስ ተዘርፎ ወይም ፈርቶ? መልሶቹ ጥበቡን ከማጭበርበር ይለዩላችኋል።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ ያፈገፈገውን ጓደኛችሁን አትሣቁበት። ዐይኑ ያየለት የመሰለውን ነው የተናገረው። ይልቁንስ ሳንቲሙን በእጁ አስይዛችሁ «እስቲ እንዴት የሆነ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ባያገኘው እንኳ «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ የጀመረ ሰው ፍርሃቱ እየለቀቀው ይሄዳል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. አስማት፣ ጥንቆላና ምትሐት በምን ይለያያሉ?
2. በአልኪፍሮን ደብዳቤ ውስጥ ያለው ገበሬ የፈራው ምንድን ነው? ፍርሃቱ ትክክል ነው ትላላችሁን?
3. በ2006 ዓ.ም. የታተመው ሙከራ ስለ ዐይን ምስክርነት ምን ያስረዳል?
4. ስኮት ምሥጢር በመግለጡ ተገቢ ሥራ ሠርቷልን? ምክንያታችሁን ስጡ።

ለ. «መሰለ» እና «አስመሰለ»፣ «አየ»፣ «ታየ» እና «አሳየ» የሚሉት ግሦች በትርጉም እንዴት እንደሚለያዩ አስረዱ፤ በእያንዳንዳቸውም ከምንባቡ የተለየ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ሐ. በክፍል 4 የቀረበውን ማብራሪያ መሠረት በማድረግ፣ እናንተ በሚገባ የምታውቁትን አንድ የእጅ ሥራ ለማያውቅ ሰው በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ስትጨርሱ ለጓደኛችሁ ስጡትና በጽሑፋችሁ ብቻ እየተመራ ሥራውን ይሞክረው፤ የተሳሳተበትን ቦታ ለይታችሁ ድርሰታችሁን አርሙ።